የቡቺ ጥርሶችና ከድዱ በታች የተደበቀው ሕመም

እናቴ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ መጥታ ሦስት ወር አብራን ስትቆይ፣ ቡቺ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከእሷ ጎን አልለይም ብሎ ነበር። ቡቺ 3 ኪሎ ከ200 ግራም የሚመዝን፣ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ማልቲዝ ከሚባለው ትንሽ ዝርያ የሆነ ውሻ ነው። ውሻ ከግቢ አልፎ ሳሎን መግባቱን በቀላሉ ያልተቀበለችው እናቴ ቀስ በቀስ ለመደችው፤ ሶፋው ላይ ከጎኗ ሲጋደምም ዝም ትለው ጀመር። አንድ ቀን ግን ፊቷን ሊልስ ሲጠጋት ራሷን መለስ አድርጋ፣ «ይኼ ውሻ አፉን ታሟል ልጄ፤ ይኼ የጤና ሽታ አይደለም» አለችኝ። እኔም የውሻ አፍ መቼም መሽተቱ አይቀርም ብዬ መለስኩላት። እውነቱ ግን ከእሷ ጋር ነበር።

መልሴን የሰጠሁት በግድየለሽነት አልነበረም። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የቡቺን ጥርስ አስጸድቼ ስለነበር አፉ ንጹሕ ነው ብዬ አምን ነበር። የተጸዳው ግን ያለማደንዘዣ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ጥርሱ በሙሉ ማደንዘዣ መጽዳት እንዳለበት ስትነግረኝ፣ ሦስት ኪሎ ብቻ የሚመዝን ፍጡር ተኝቶ ባይነቃስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ጸጉሩን የምናስቆርጥበት ቦታ ያሉት ሰዎች ያለምንም መርፌ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥርስ እንደሚያጸዱ ሲነግሩኝ እንደ መልካም ዜና ተቀበልኩት። ቡቺ በፎጣ ተጠቅልሎ ተይዞ፣ ጥርሱ ላይ የደነደነው ቡናማ ቆሻሻ፣ ታርታር የሚባለው፣ በብረት ተፍቆለት፣ ጥርሱ እንደ ወተት ነጥቶ ተመለሰልኝ። ለአንድ ዓመት ያህል ሐኪሟ ጋ ሳልመለስ የቆየሁት ያን ንጣት አምኜ ነው። ይህን የምጽፈውም ትንሽ ውሻ የምታሳድጉ ሁሉ እኔ ያጠፋሁትን ጊዜ እንዳታጠፉ ብዬ ነው።

የውሻ ጥርስ ሕመም የሚጀምረው በዓይን በሚታየው የጥርስ ክፍል ላይ ሳይሆን፣ ጥርሱና ድዱ በሚገናኙበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ውሻው በልቶ ሰዓታት ሳይቆይ ከባክቴሪያና ከምራቅ የሚሠራ ዝልግልግ ሽፋን፣ ፕላክ የሚባለው፣ ጥርሱ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ይህ ሽፋን ገና ለስላሳ ሳለ በብሩሽ በቀላሉ ይነሣል። ሳይነሣ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ግን በምራቁ ውስጥ ያለው ካልሲየም እየገባበት ይደነድንና ታርታር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ብሩሽ አያነሣውም። የውሻ ምራቅ ከሰው ምራቅ ይልቅ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በመሆኑ ውሾች እንደ እኛ በቀላሉ ጥርሳቸው አይቦረቦርም፤ ታርታር ግን ይበልጥ ይጠነክርባቸዋል። ከላይኛው የኋላ ጥርሶች ውጫዊ ገጽ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ ታርታር የሚታየው ደግሞ የምራቅ ዕጢዎች ቱቦ እዚያው አካባቢ ስለሚከፈት ነው። የውሻችሁን ከንፈር በጣታችሁ ወደ ላይ ገለጥ አድርጋችሁ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ያንን ቦታ ነው።

ታርታሩ በራሱ ትልቁ ጠላት አይደለም። ጉዳቱን የሚያደርሱት ከድዱ በታች ሠርገው የሚገቡት ባክቴሪያዎችና ሰውነት እነሱን ለመከላከል የሚያስነሣው ቁጣ ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል፤ እዚህ ላይ ከተደረሰበት ጥርሱ ተጸድቶ ድዱ ወደ ቀድሞ ጤናው ሙሉ በሙሉ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር አስሮ የሚይዘው ጅማትና አጥንቱ ራሱ መበላት ይጀምራሉ። ሐኪሞች ይህን ጉዳት በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ በሁለተኛው ደረጃ የጥርሱ መያዣ እስከ ሩብ ድረስ ጠፍቷል፣ በሦስተኛው ከሩብ እስከ ግማሽ፣ በአራተኛው ደግሞ ከግማሽ በላይ። የጠፋ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። እኔ ያስጸዳሁት ከድድ በላይ ያለውን ብቻ ስለነበር፣ በሽታው ከንጹሑ ጥርስ ሥር ማንም ሳያየው ሥራውን ቀጠለ። ከዚህም ሌላ፣ በብረት የተፋቀ ጥርስ በደንብ ካልተወለወለ ገጹ ላይ ጥቃቅን ጭረቶች ይቀራሉ፤ አዲሱ ፕላክ የሚጣበቀውም በእነዚያ ጭረቶች ላይ ነው።

ትንንሽ ውሾች በዚህ ሕመም ከትልልቆቹ በበለጠ የሚጠቁበት ምክንያት በቁጥር የሚገባ ነገር ነው። ያደገ ውሻ 20 ከላይ፣ 22 ከታች፣ በድምሩ 42 ጥርስ አለው። ይህ ቁጥር ለ60 ኪሎው ማስቲፍም ለ2 ኪሎው ቺዋዋም አንድ ነው። የትንሹ ውሻ ጥርስ ከትልቁ ውሻ ጥርስ ቢያንስም፣ የመንጋጋ አጥንቱ ያነሰውን ያህል ግን አላነሰም፤ ስለዚህ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፣ ይጣመማሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል፣ በመካከላቸውም ጸጉርና የምግብ ቅሪት ይያዛል። እንደ ማልቲዝ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያንና ትንሹ ፑድል ባሉት ዝርያዎች ላይ ደግሞ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ጥርስ ከጎኑ መብቀሉ የተለመደ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ ይኖረዋል፤ ስድስት ወይም ሰባት ወር ሲሞላው ሁሉም ወልቀው በቋሚዎቹ መተካት ነበረባቸው። በዚያ ዕድሜ በተለይ ክራንቻው አጠገብ ሁለት ጥርስ ጎን ለጎን ቆመው ካያችሁ፣ የወተቱ ጥርስ መነቀል አለበትና ለሐኪም ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት። ብዙዎች ውሻው እንዳይራባ ለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ሲተኛ አብረው ያስነቅሉታል፤ ብልህነት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከማደንዘዝ ያድናል።

ከእናቴ ንግግር በኋላ ቡቺን ወደ ሐኪሟ መልሼ ወሰድኩት። ስለ ማደንዘዣ የነበረኝን ፍርሃት ሳልደብቅ ነገርኳት፤ እሷም አልተቆጣችኝም። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣውና በ2019 ባደሰው መመሪያ ያለማደንዘዣ የሚደረገውን ጽዳት እንደማይቀበለው፣ የእንስሳት ጥርስ ስፔሻሊስቶች ኮሌጅም በግልጽ እንደሚቃወመው አስረዳችኝ። ምክንያቱን ስሰማው ቀድሞ ለምን ራሴ እንዳላሰብኩት ገረመኝ። የነቃ ውሻ አፉን ከፍቶ ከድዱ በታች ስለታም ብረት ሲገባ ጸጥ ብሎ ሊቆም አይችልም፤ ራጅ ሊነሣም አይችልም። የጥርሶቹን የውስጥ ገጽ፣ በምላስ በኩል ያለውን፣ ማየት እንኳ ያስቸግራል። በሙሉ ማደንዘዣ ውስጥ ግን ወደ አየር ቧንቧው የሚገባው ቱቦ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፊኛ ተነፍታ ስለምትዘጋው፣ ከመሣሪያው የሚረጨው ውኃና በባክቴሪያ የተሞላው ቆሻሻ ወደ ሳንባው አይወርድም።

ማደንዘዣ ጨርሶ አደጋ የለውም ብላ አልዋሸችኝም። ትንሽ ውሻን ማደንዘዝ የራሱ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ነግራኝ፣ ጥንቃቄውን አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ፤ ልቤን ያሳረፈው ይህ ግልጽነቷ ነው። በመጀመሪያ ደሙ ተመርምሮ ኩላሊቱ፣ ጉበቱ፣ የስኳሩ መጠንና የደም ሴሎቹ ታዩ። ማልቲዝን በመሰሉ ትንንሽ ዝርያዎች የልብ ቫልቭ ሕመም በዕድሜ ስለሚበዛ ልቡን በጥሞና አዳመጠችው፤ ያልተለመደ ድምፅ ቢገኝ ኖሮ ከሁሉ በፊት የልብ ሐኪም ያየው ነበር። ትንሽ ውሻ የስኳር ክምችቱ ጥቂት ስለሆነ የሚጾምባቸው ሰዓቶች እንደ ትልቅ ውሻ መርዘም የለባቸውም፤ ስንት ሰዓት እንደሚጾም በራሴ ግምት እንዳልወስን፣ እነሱ የሚሰጡኝን ሰዓት ብቻ እንድከተል አጥብቃ አሳሰበችኝ። ሌላው ትልቅ ነገር ሙቀት ነው። የትንሽ ውሻ ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ በመሆኑ፣ በዚያ ላይ አፉ በውኃ ስለሚረጥብ፣ ሰውነቱ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ውሻ ደግሞ ከማደንዘዣው ዘግይቶ ይነቃል። ስለዚህ ሞቃት አየር የሚነፋበት ብርድ ልብስ ከሥሩ ይደረጋል፣ የሰውነቱ ሙቀትም ያለማቋረጥ ይለካል። በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራው ይኸው ብቻ ሆኖ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የኦክስጅኑን መጠንና የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተላል። ክሊኒክ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለባችሁ ይህንኑ ነው፤ ማደንዘዣውን የሚከታተለው ሰው ጥርሱን ከሚያጸዳው ሰው የተለየ መሆኑንና የሙሉ አፍ ራጅ መነሣቱን።

ቡቺን ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል አስረከብኩት። ተኝቶ ሳለ ጥርሶቹ ሁሉ ራጅ ተነሡ፤ ከዚያም በሚሊ ሜትር ምልክት የተደረገባት ቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ እየገባች የስንጥቁ ጥልቀት ተለካና በሠንጠረዥ ተመዘገበ። በጤናማ ውሻ ይህ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ በትንንሾቹ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቡቺ ላይ 5 እና 6 የደረሰባቸው ቦታዎች ተገኙ። ከድድ በላይ ያለው ታርታር በአልትራሳውንድ ንዝረት በሚሠራው መሣሪያ ተነሣ፤ ከድዱ በታች ያለው በተለየ ቀጭን ጫፍና በእጅ ተጸዳ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ጥርስ በለስላሳ ጎማና በማወልወያ ቅባት ተወለወለ፣ አፉም ክሎረሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ታጠበ።

እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐኪሟ ራጆቹን ልካልኝ እያንዳንዱን ታስረዳኝ ጀመር፤ ከላይ ነጭ ሆነው ያየኋቸው ጥርሶች ሥራቸው በጥቁር ጥላ ተከቦ ነበር። ጥላው አጥንት የነበረበት፣ አሁን ግን ባዶ የሆነ ቦታ ነው። ሰባት ጥርሶች መነቀል ነበረባቸው። አንዱ ከሕፃንነቱ ሳይወልቅ ከላይኛው ክራንቻ ጎን ተደብቆ የቀረ የወተት ጥርስ ነው፤ ቡቺን የተቀበልነው ሦስት ዓመት ሆኖት ስለነበር ማንም አላየለትም። ሁለቱ የታችኛው የፊት ጥርሶች፣ ሦስቱ ደግሞ ትንንሽ የጎን ጥርሶች ናቸው። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሰባተኛው ነው፤ በግራ በኩል ያለው የታችኛው ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ። ይህ ጥርስ በትንሽ ውሻ ላይ ከመንጋጋው አጥንት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ነው፤ ሥሮቹ እስከ አጥንቱ የታችኛው ጠርዝ ይደርሳሉ። በዙሪያው ያለው አጥንት በበሽታ ሲበላ መንጋጋውን ይዞ የሚቀረው ቀጭን ስስ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ውሻው ከሶፋ ሲዘል ወይም ጠንከር ያለ ነገር ሲነክስ መንጋጋው ሊሰበር ይችላል። ቡቺ በየቀኑ ከሶፋው ስንት ጊዜ ይዘል እንደነበር ሳስብ እግሬ ራደ። ከላይ በኩልም ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ የላይኛው ክራንቻ ሥር ከአፍንጫ የሚለየው ስስ አጥንት ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ከተበላ አፍና አፍንጫ ይገናኛሉ። በአንድ አፍንጫው ፈሳሽ የሚወጣው፣ ሁልጊዜ የሚያስነጥሰው ትንሽ ውሻ ጉንፋን ሳይሆን የጥርስ ሕመም ይዞት ሊሆን ይችላል።

ጥርሶቹ የተነቀሉት ልክ እንደ ሰው የአካባቢ ማደንዘዣ ተጨምሮ፣ ባለ ሁለት ሥሮቹ በመሰርሰሪያ ተከፍለው ነው። ድዱ በራሱ በሚሟሟ ክር ተሰፋ፤ ምንም የሥር ስባሪ አለመቅረቱም በድጋሚ ራጅ ተረጋገጠ። ማታ ወደ ቤት ስወስደው እየተንገዳገደ ነበር፤ በማግስቱ ግን በሞቀ ውኃ የራሰ ለስላሳ ምግቡን ጥርግ አድርጎ በላ። ለውሻ ተብሎ የታዘዘለትን የሕመም ማስታገሻ በሰዓቱ እሰጠው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሰው መድኃኒት አይቡፕሮፌንም ሆነ ፓራሲታሞል ለውሻ በፍጹም አትስጡ። በትንሽ ሰውነት ላይ አንድ ክኒን ብቻ ሆዱን፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን ሊያጠፋ ይችላል። ለአፍ ሽታ ብሎ በየጊዜው አንቲባዮቲክ መለመንም መፍትሔ አይደለም፤ ሽታው ለጥቂት ቀን ይቀንስና ታርታሩ ከድዱ በታች እስካለ ድረስ ይመለሳል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡቺ ሌላ ውሻ ሆነ። ለካ አርጅቶ ነው የተወው ያልነው መጫወቻው ለእሱ የሚያም ነገር ሆኖበት ኖሯል፤ አንሥቶ ወደ እግሬ ያመጣልኝ ጀመር። ውሻ ጥርሱን እያመመው መብላቱን አያቆምም፤ በአንድ ጎን ያኝካል፣ ሳያኝክ ይውጣል፣ ሲነካ ፊቱን ያዞራል። እስኪጮህ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ሥራው ወደ እኔ ዞረ፤ ፕላክ በማግስቱ ሥራውን ይጀምራልና። ድዱ እስኪድን ከጠበቅሁ በኋላ የጥርስ ብሩሽን ማለማመድ የጀመርኩት በብሩሽ ሳይሆን በጣቴ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ለውሻ የተሠራውን የዶሮ ጣዕም ያለው የጥርስ ሳሙና ከጣቴ ላይ አስላስኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሩን ገለጥ አድርጌ በጣቴ ላይ በጠቀለልኩት ስስ ጨርቅ ድዱን አሸሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ነው ለሕፃናት የሚሸጠው ትንሽ ለስላሳ ብሩሽ የገባው። ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርጎ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ማሸት ነው፤ አፉን በኃይል መክፈት አያስፈልግም፣ አብዛኛው ፕላክ የሚጠራቀመው በጉንጭ በኩል ስለሆነ ውጫዊውን ገጽ ማዳረስ ይበቃል። እኔ ዘንድ ሁለቱም ጎን ተደምሮ ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። በየቀኑ መሆን አለበት፤ በሳምንት አንዴ የሚቦረሽ ጥርስ ላይ ፕላኩ በመካከሉ ደንድኖ ይጠብቃችኋል።

የሰው የጥርስ ሳሙና ለውሻ አይሆንም። ውሻ መትፋት ስለማይችል ፍሎራይዱንና አረፋውን ይውጠዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዛይሊቶል የተባለው ጣፋጭ አለባቸው፣ እሱም የውሻን ስኳር በድንገት ጥሎ ጉበቱን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ያለስኳር የሚባለውን ማስቲካ ቦርሳችሁ ውስጥ ስታስቀምጡም ይህን አስቡ። መፋቂያን ከልጅነቴ የማውቀውና የምወደው ነው፤ እንጨቱ ለሰው ቢስማማም ለቡቺ ግን እንዲያኝከው አልሰጠውም፤ ስንጣሪው ድዱን ይወጋል፣ ሲዋጥም አንጀት ይጎዳል።

አጥንትን በተመለከተ ከቤተሰቤ ጋር የተከራከርኩበት ነገር ነው። እኛ ያደግነው ለውሻ አጥንት ከመስጠት በላይ ደግነት የለም ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ አጥንት፣ የአጋዘን ቀንድና የደረቀ ሰኮና ከጥርሱ ስለሚጠነክሩ የላይኛውን ትልቁን የሥጋ መቁረጫ ጥርስ ይሰነጥቁታል፤ ባለ ሦስት ሥር ስለሆነ ሲነቀልም ከባድ ነው። የምትሰጡትን ነገር በጥፍራችሁ ስትጫኑት ትንሽ እንኳ ካልሰመጠ ለጥርሱ በጣም ጠንካራ ነው። ለማኘክ የሚሆን ነገር ስገዛ የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት የሰጠው ማኅተም እንዳለበት አያለሁ፤ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፕላክን ወይም ታርታርን መቀነሳቸው በሙከራ ለተረጋገጠ ምርቶች ማኅተሙን ይሰጣል። ማኅተም የሌለው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚለው ነገር ግን አልተረጋገጠልኝም።

ወጪውን አልደብቅም፤ ከደም ምርመራው እስከ መጨረሻው መስፋት ከ1,400 ዶላር በላይ ከፍያለሁ፤ ከዚህም ብዙው የነቀላውና የራጁ ነው። በስድስት ዓመቱ፣ ድዱ ገና መቅላት ሲጀምር፣ ሐኪሟ እንደመከረችኝ አስጸድቼው ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ነቀላ ባላስፈለገ ነበር። ያለማደንዘዣ ላደረግሁት ጽዳት የከፈልኩት ገንዘብም በዚህ ላይ ይታከላል። ለትንንሽ ዝርያዎች የመጀመሪያው ጽዳት በአንድ ዓመታቸው አካባቢ እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው። የእንስሳት ኢንሹራንስ ያላችሁ፣ ውላችሁ የጥርስ ሕመምን የሚሸፍን መሆኑንና በየዓመቱ መመርመርን እንደ ግዴታ የሚጠይቅ መሆኑን ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት አንብቡት።

እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ ስለ ቡቺ አፍ ትጠይቀኛለች። ባለፈው እሑድ ስለ ጥርሶቹ የደረሰበትን ሁሉ፣ በአንድ ጎን ብቻ ያኝክ እንደነበር ጭምር፣ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም በልጅነቴ ግቢያችንን ይጠብቅ የነበረውን ውሻ አስታወሰችኝ። «ቦቢም እኮ እንዲያ ነበር» አለችኝ። «ኋላ ኋላ አንገቱን አጣሞ በአንድ ጎኑ ነበር የሚበላው። የፋሲካን አጥንት ትቶት ሲሄድ ጠግቦ ነው ስንል ነበር።» እኔም አስታወስኩት፤ የትልቁ በር ሥር ተኝቶ፣ አጥንቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሳይነካው ሲያየው። ያን ጊዜ ማናችንም ከንፈሩን ገልጠን አላየንለትም።

ቡቺ በመጪው የካቲት እንደገና ራጅ ይነሣል፤ የቀኙ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ በዙሪያው ያለው አጥንት እንዳለ መቆየቱን ለማየት ነው። ማታ ማታ ብሩሹን ከመሳቢያው ሳወጣ ድምፁን ሰምቶ ራሱ ይመጣል፤ ጉልበቴ ላይ ይወጣና መጀመሪያ የቀኙን ጎን ያስጠጋልኛል።